ሦስተኛው አልገባ አለ

በሩን ሳትከፍተው፣ በመስኮቱ በኩል ወሬዋን ጀመረች፣
ኖርሪን ኮስቲዩክ፣ ከዮርክተን ወዲያ ከእርሻ መንገድ የመጣች፤
"ሦስተኛው አልገባም። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ከዚያ እንቢ ትላለች፤
ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ ቁጭ ብላ ጩኸቱን ትሰማለች።
ጠዋት ደግሞ ሌላ፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሠላሳ የገባ ዕለት
ወደ ፊት ስላት ቆማ ታስባለች፣ ብድር እንደጠየቁት ጎረቤት።
ከተማ ያለው ጋራዥ፣ ባለ ነጭ ጓንቱ፣ አራት ሺህ ዶላር አለ፤
'ካምቢዮው ሞቷል' አለኝ። ሲሞት ግን እኔ አላየሁም።"

እኔም ሳላይ ሞተ አልልም።

ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው ቫኗ። የክረምት ጨው በዝገት
ከጎማዋ በላይ ዳንቴል ሠርቶባታል፣ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ያለበት።
ብራደን፣ ተለማማጁ፣ ኮምፒውተሩን ይዞ ሲሮጥ
"ቆይ" አልኩት፣ "ኮዱ የትም አይሄድም፤ አስቀድመህ አድምጥ።"
መሪውን ያዝኩ፤ በሰባ ኪሎ ሜትር፣ እግሬን ቀለል ሳደርገው፣
ጀመራት መንቀጥቀጥ፣ ኮረኮንች ላይ ያለን ይመስል፤ መንገዱ ግን መስታወት ነው።
የሞተ አይንቀጠቀጥም፣ አልኩ በልቤ።

ተመልሰን፣ ሞተሩ እንደሞቀ፣ ሳላጠፋው ገና፣
የዘይት መለኪያውን መዘዝኩና
በነጭ ጨርቅ ጠረግሁት። ቀይ ነበር መሆን ያለበት፤
ይኼ ግን የሻይ አተላ ነው፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ያደሩበት።

ያን ጊዜ ኮዱን አነበብን። የዙር ሴንሰር ይላል።
ብራደን ፈነደቀ፤ "ሠላሳ ዶላር ነው! በአንድ ብሎን ይታሰራል!"
ገዛን፣ ቀየርን፣ ወጣን።
ገና በመታጠፊያው ሦስተኛው አሾፈብን።
ልጁ አቀረቀረ።
ኮድ የጮኸውን እንጂ ያስጮኸውን አይጠቁምም፤
ይኼን ያልተማረ ብዙ ደህና ዕቃ ቀየረ።

ከዚያ ክሪክ። ከዚያ ገንዳው። ብሎኑን ስፈታ እጄ ደነዘዘ፤
ዘይቱ በክንዴ አድርጎ እስከ ብብቴ ተጓዘ።
ማግኔቱ ላይ ያለውን በአውራ ጣቴ አሸሁት፤
ግራጫ፣ ልስልስ፣ እንደ ዓይን ኩል፤ የብረት ስንጥር ፈልጌ አጣሁት።
ፍሪሲዮኑ አለ፣ ጥርሱ አለ፣ ሁሉም በቤቱ አለ፤
ታዲያ ሦስተኛውን፣ በር ላይ ቆሞ፣ ማን ከለከለ?

መልሱን ያመጣው ብራደን ነው፣ በሴንሰሩ ያፈረው፤
ከኋላ ወንበር ሥር፣ ትርፍ ካልሲ ካለበት ካርቶን አገኘው፤
ስድስት ባዶ ጠርሙስ፣ አንድ ያልተከፈተ፣
በየአንዳንዱ ላይ በወፍራም እርሳስ "ኦክቶበር" የተባለ።
ጥሩ ዘይት ነው፣ ውድ ነው፤ ግን ለሌላ ፋብሪካ ካምቢዮ፤
ቀለሙ አንድ፣ ጠባዩ ለየቅል።

"ሌስተር ነው" አለች። "በየዓመቱ፣ በረዶው ሳይጥል፣
ኮፈኑን ከፍቶ በቀጭን መቅጃ ይሞላላት ነበር።
ታሞም እንኳ፣ ወንበር አምጡልኝ ብሎ።"
ሁለት ዓመት ሆነው፣ ሌስተር ካረፈ።

ጨርቄን አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ፣ መልሼ አጠፍኩ።
"ዘይቱ አርጅቷል" አልኩ።
ብራደን አፉን ከፈተ፤ አየሁት፤ ዘጋው።

እሷ ግን የእርሻ ሴት ናት፤ ባዶውን ጠርሙስ አንስታ
የኔን አዲሱን ከጎኑ አቆመች፣ ሁለቱን አነበበች በእርጋታ፤
ሳቀች፣ እስክታስል ድረስ። "ሾርባ ላይም እንዲሁ ነበር፤
ሳይቀምስ ጨው ይጨምራል። አርባ ዓመት፣ የኔ ጌታ! ዝም ብዬ በላሁ።"

አፈሰስን፣ ፊልትሮ ለወጥን፣ የራሷን ዘይት ሞላን።
"በአንዴ አይወጣም" አልኳት፣ "ግማሹ ከውስጥ ይቀራል፤
በሁለት ሳምንት መልሺያት፣ እንደገና እናፈሳለን።"
"አውቃለሁ" አለች።

ያልተከፈተውን ጠርሙስ ቆሻሻ ውስጥ ልጥለው ስል ተቀበለችኝ፤
"የጓሮው በር ማጠፊያ ይጮኻል" አለችኝ።

ደጅ ቆሜ አዳመጥኩ። አንደኛ። ሁለተኛ።
ከእህል ጎተራው ማዶ ድምጿ ለአፍታ ከፍ አለ፣
ከዚያ ዝቅ።