የጀማሪ ዕቃ

ዝርዝሩ አጭር ነው፤ ግማሽ ገጽ ወረቀት፣
ከጡረታ ደብተሬ አጥፌ የያዝኩት።
«የጀማሪ ዕቃ» ይላል ከራሱ ላይ።
ጀማሪ! ማ? እኔ? በሰባ አንድ ዓመቴ፣
አርባ ሦስቱን ዓመት ብረት ያጋባሁ፣
የመርከብን ሆድ ዕቃ ተንበርክኬ የሰፋሁ፣
ሪየካ ወደብ ላይ የቀረ ጉልበቴ?

እጄ ነው ያመጣኝ። ይንቀጠቀጣል።
«ሥራ ስጠው» አለኝ ሐኪሙ፤ «እጅ ሲፈታ ይባልጋል።»
የሹራብ ክፍል ሞልቷል። የቀረው ኬክ ነበር፣
ማክሰኞ ማታ ማታ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር።

ቡራ ይነፍስ ነበር ቁልቁለቱን ስወርድ፤
ባርኔጣዬን ነጥቆ ለባሕሩ ሊሰድ
ሲታገለኝ ቆይቶ ደጃፍ ላይ ጣለኝ፤
የነቨንካ ሱቅ በቫኒላ ሽታ ተቀበለኝ።

«ለልጅ ልጅ ነው፣ ሊቪዮ?» ወረቀቱን አይታ።
«ለራሴ ነው» አልኳት። ዝም አለች ለአፍታ።
መነጽሯን አወለቀች፣ ደግማ አጠለቀች፣
ከዚያ ምንም ሳትል መሰላል ላይ ወጣች።

ከረጢት አወረደች፤ ሾጣጣ፣ ነጭ ሸራ።
ቀጥላ ጫፎቹን፣ ከቆርቆሮ የተሠራ፣
ሁለመናው አፍ የሆነ ትንንሽ ሠራዊት
ደርድራ አቆመችው ከሚዛኑ ፊት።
ቁጥር ሦስት ድቡልቡል፣ ጥርስ የለው እንደ እኔ፤
አሥራ ስምንት ኮከብ፣ ጥርሱን የነከሰ በወኔ፤
መቶ አራት ደግሞ
አንድ ጎኑ ወፍራም፣ አንድ ጎኑ ታሞ
የቀጠነ ነገር፤ የጽጌረዳ ቅጠል
ከዚህ ከበሽተኛው ነው አሉ የሚወለድ።

አንዱን ወደ አምፖሉ አዙሬ ቀዳዳውን አየሁ፣
እንደ ኤሌክትሮድ ጫፍ በጥፍሬ አሸሁ።
«ጠርዙ ሸካራ ነው፤ ይቺኛዋን ቀይሪ።»
ሳቀች። «እግዜር ያሳይህ! ይሄ ነው ጀማሪ?»

መፋቂያ። አንድ ጥቅል የመጋገሪያ ወረቀት።
አንገቱ የጎበጠ መለቅለቂያ ብረት።
ሁለት ብልቃጥ ቀለም፣ ሮዝና የቅጠል።
ራሰ ጠፍጣፋ ሚስማር፣ ላዩ አበባ 'ሚበቅል።
ሚስማር አውቅ ነበር። ሚስማር ሲያብብ ግን
ዘንድሮ ልናይ ነው ከተባለ፣ ይሁን።

የመጨረሻው መስመር፦ ተሽከርካሪ ሰሐን።
በጣቴ ገፋኋት፤ ዞረች እያቃሰተች፣
ሁለት ዙር ሳትሞላ ደክሟት ተገተረች።
«ሠላሳ ስምንት ዩሮ? ለዚች ደካማ ዙር?»
አልኩ በኩራት ድምፅ። እውነት ለመናገር
እንቢ ባዩ ኪሴ ነው፣ አፌ ቀደመው።
«ኩሽኔታ አለኝ ቤት፤ ክሬኑ ሲፈርስ ያተረፍኩት ነው።
አንዴ ከገፋሽው
ቅዳሴ አስጨርሶ ነው የሚቆመው።»

ማታ በናፍጣ፣ ከዚያም በሳሙና አጠብኩት፣
የቀለም ባልዲ ክዳን ከላዩ ገጠምኩት።
ቅቤና ስኳሩን መትቼ ከረጢቱን ሞላሁ፤
ክንዴን አስደግፌ፣ ትንፋሼን ያዝኩና
ጨመቅሁ።
መስመሩ እንደ ሰካራም ወዲህ ወዲያ አለ።

ድሮ፣ ስፌት ሲበላሽ፣ መርማሪው በራጅ አይቶ
በኖራ ያከበዋል። ሌሊቱን በሙሉ ቆርጦ፣
ሞርዶ፣ ደግሞ አንድዶ፤ ጭስ ዓይንን እያቃጠለ።
አሁን ግን መፋቂያው አንዴ ጠረገና
ጥፋቴ ከረጢት ገባ እንደገና፤
ያው ቅቤ፣ ያው ስኳር፣
ቂም የማይዝ ነገር።

ያኛው ስፌቴ ባሕር አግዷል። ይሄኛው ምን ያግዳል?
ምንም። በሻማ ተወግቶ ሕፃን አፍ ይገባል።

በአሥራ ሦስተኛው ላይ፣ ሌሊቱ ሲጋመስ፣
አንዲት ጣት የምታህል መስመር ወጣች፣ ቀጥ ያለች፤
ኩሽኔታው ዝም ብሎ ይዟት ይሽከረከራል።
መፋቂያውን አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት።
በጣቴ ጠረግኳት።
አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰፋሁት ብረት፣
አንዱንም ቀምሼው አላውቅም ነበር።
ስኳሩ በዝቶባታል።