ግራ የገባው

ድሬ ላይ ሰኔ ነው፤ ማራገቢያው ቢዞር ሙቀት ያማስላል፤
የበሩ እጀታ ጣት ያቃጥላል።
ሁለት ሞለኪውል ስክሪኑ ላይ አሉኝ፦
አንዱ ከአወዳይ ቅጠል፣ ከለጋው ጫፍ የወጣ፣
አንዱ በብልቃጥ ታሽጎ ከፋብሪካ የመጣ።
ክብደታቸው አንድ፣
አቶም በአቶም ቢቆጠሩ እኩል፤
መልካቸውስ? ብዬ ቀመሩን ለቀቅሁት
አንዱን ባንዱ ላይ እንዲያስተካክል።

ያዞረዋል፣ ይገፋዋል፣ ያጋድመዋል፤
የየአቶሙን ክፍተት ለክቶ፣ አባዝቶ በራሱ፣ ደምሮ፣
"ካለፈው አነሰ?" ይላል። ካነሰ ይቀጥላል፣
ቁልቁል፣ ቁልቁል፣
እና አንድ ቦታ ይቆማል።

ደቻቱን ያየ ያውቀዋል፦
ጎርፉ ካለፈ ወዲያ በየጉድጓዱ የሚቀር ውሃ አለ፣
ዙሪያው ሁሉ ዳገት ሲሆንበት
"በቃ፣ ባሕር ደረስኩ" ያለ።

ለአባቴ ነገርኩት፤ ለገሃር ወርክሾፕ
አርባ ዓመት ብረት ያናገረ።
"እልኸኛ ብረት ይግላል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይብረድ፤
ቸኩለሽ ውሃ ከነከርሽው፣ እወቂ፣ ተሰበረ።"

እኔም አጋልኩት፦
አንዳንዴ ዳገት ይውጣ፣ ይሳሳት ብዬ ፈቀድኩ፣
ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ፣ እንደ ድሬ ሌሊት፣ አበረድኩ።
ከጉድጓዱ ወጣ። ሌላ ጥልቅ አገኘ።
ግን ዜሮ ሳይደርስ፣ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ላይ ተኛ።
ሦስት ሌሊት። መብራት ሁለቴ ጠፋ።
"ቀመርሽ ግራ ገብቶታል" ብላ
ኢልሃም ስቃብኝ ሄደች።

እሑድ ከአባቴ አልጋ ሥር ሳጥን ሳወጣ
የቆዳ ጓንት አገኘሁ፣ የወርክሾፕ፣ ያልተነካ፤
አንድ፣ ሁለት፣ አሥራ አንድ፣
ሁሉም የግራ።

እጁን የፉርጎ መንጠቆ የወሰደው እኔ ሳልወለድ ነው፤
መሥሪያ ቤቱ ግን ጓንት የሚያድለው በጥንድ ነው።
"ቀኝህ ላይ አታደርገውም?"
"ሞክሬዋለሁ። ባዞረው፣ ባጋድመው፣
አውራ ጣቱ በማይሆን በኩል ይወጣል።
ውስጡን ወደ ውጭ ካልገለበጡት አይገባም፤
ሲገለበጥ ደግሞ ስፌቱ ይልጣል።"

ቆምኩ።
ማዞር አስተምሬዋለሁ፣ መግፋት፣ ማጋደም፤
መገልበጥ ግን አላስተማርኩትም።

ሰኞ አንዱን ዘንግ በነጌቲቭ አንድ አባዛሁት።
ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደ፤
ከዜሮ በታች መንገድ ቢኖር ይሄድ ነበር።

ማታ ልነግረው ስገባ አባቴ ጢሙን ይላጫል፣
ሳሙናው አገጩ ላይ።
"እሺ፣ ገባው?" አለኝ፣ እጁን ከነምላጩ አንስቶ፤
በመስታወቱ ውስጥ ደግሞ ያ ሌላው ሰውዬ
ግራ እጁን አነሳ።