ኩሬው የደረቀ ሰሞን

ጀልባ አከራይ ነኝ፣ ከዚህ ኩሬ ዳር፣
ሠላሳ ሁለት ዓመት ከመቅዘፊያ ጋር።
ቲኬት እቆርጣለሁ፣ ገመድ እፈታለሁ፣
ሲሳሳቁ ሄደው ሲኮራረፉ እቀበላለሁ።

የዚህ ኩሬ ነገር አንድ አባባል አለው፣
ከየት እንደ መጣ ማንም የማያውቀው፦
«የሚዋደዱ ሰዎች እዚህ ከቀዘፉ፣
ዓመት ሳይሞላቸው በየፊናው ጠፉ።»
በደሴቷ መቅደስ ያለች የውሃ እመቤት
ትቀናለች አሉ፣ ሰው ሲዋደድባት።
እኔ ግን አላምንም። ንግዴ ነውና።
ብዙ ጥንድ አይቻለሁ፣ የፈረሰ፣ የጸና።

ሺዙኤን ያወቅኋት በዚያ አግዳሚ ነው፣
ከባሏ ከኢሳዎ ጋር እሑድ እሑድ መጥተው
የሩዝ ጥቅል በልተው፣ ዔሊ ሲቆጥሩ፣
«ኑ እንጂ!» ስላቸው እንደ ልጅ ሲያፍሩ።
ኢሳዎ ይስቃል፤
«በዕድሜዬ አንዲት ሴት አገኘሁ» ይለኛል፣
«ለሃያ ደቂቃ ማን እሷን ያስይዛል?»

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ተጠንቅቀው፣
ባለፈው ሚያዝያ፣ ደረጃ ሲወጣ፣ ልቡ ከዳው።
ከዚያ በኋላማ ትመጣለች ብቻዋን፣
ሁለት ጥቅል ይዛ፣ ትመልሳለች አንዱን።

ኅዳር ሲጋመስ ማዘጋጃ ቤት መጣ፣
«ውሃው ታሟል» አለ፣ «ይቀዳ፣ ይውጣ!»
ዐሥር ቀን፣ ዐሥር ሌሊት ፓምፑ ሲያጓራ፣
ኩሬው ልብሱ ወልቆ ምሥጢሩን አወራ።

ብስክሌት። ብስክሌት። ደግሞ ብስክሌት።
መቶ ስልሳ ላይ መቁጠር ተውን።
የካፌ ወንበር፣ የስልክ መዓት፣
አንድ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ሙሉ የላይኛው፣
የተሰበረ ካዝና፣ ውስጡ ዓሣ፣
ሰው ገዝቶ የሰለቻቸው የባዕድ አገር ዔሊዎች።
እኔ የፈለግሁት ቀለበት ነበር፤
ያን ሁሉ ጠብ በዓይኔ አይቼ፣
አንድ እንኳ አይጠፋም ብዬ።
የለም።
ሰው ቀለበት አይጥልም፤ ብስክሌት ነው የሚጥለው።

ቅዳሜ በጎ ፈቃደኞች ተጠሩ።
ሺዙኤም መጣች፣ የኢሳዎን ቦት ጫማ አጥልቃ፣
እንዳይሰፋት ሦስት ካልሲ ደርባ።
ቅርጫት ሰጧት። መሬት አስቀመጠችው።
«ኩዋባራ፣ ጀልባዎቹ የሚዞሩት በየት ነው?»
በጣቴ አሳየኋት፦ ከድልድዩ ሥር፣ በደሴቷ ጀርባ፣
ዝግባው ወደ ውሃው በተንጋደደበት።

ሄደች።
ጭቃው እስከ ጉልበቷ ዋጣት፣ ለቀቃት፣ ዋጣት።
እንደ ጀልባ ነበር አካሄዷ፣ ዝግ ብላ፣ ቀኟን ለደሴቷ ሰጥታ፤
አንዴ ቆማ ወደ መቅደሱ የሆነ ነገር ተናገረች፣
ጸሎት ይሁን ስድብ ከሩቅ አልለየሁም።
ሰዓቴን አየሁ፤ ልማድ ነው።
ሃያ አንድ ደቂቃ።
ስትመለስ ግራ እግሯ በካልሲ ነበር።
«ሒሳብ ስንት ነው?» አለችኝ።
«የምን ሒሳብ?»
«የሁለት ሰው።»
ምን ልበል? ቲኬት ቆረጥሁላት።
አንዷን ደቂቃ ማርኳት።

የካቲት ሲያበቃ ውሃው ተመለሰ፣
ዳክዬው ወረደ፣ ዔሊው ተንፈላሰሰ፤
ሚያዝያ ላይ ከጭቃው አንድ ሣር በቀለ፣
ስልሳ ዓመት የጠፋ፣ «ሞቷል» የተባለ።
ዘሩ ተኝቶ ነበር፣ ብርሃን እስኪያየው።
ምሁራን መጡና ለኩት፣ ፎቶ አነሡት።
ሺዙኤም ጎንበስ ብላ አየችው፤
«ቀጭን ነው» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ጥንዶች አሁንም ይጠይቁኛል፦ «የሚባለው እውነት ነው?»
«ሃያ ደቂቃ አላችሁ» እላለሁ፣ ገመዱን እየፈታሁ።
ማታ ግን፣ የመጨረሻዋን ጀልባ ራሴ ስመልስ፣
ከደሴቷ ጀርባ፣ ከዝግባው ሥር ስደርስ፣
መቅዘፊያዬን አነሣለሁ፤
ከታች አንድ ቦት ጫማ አለ፣
የግራ፣ ቁጥሩ አርባ ሦስት፣
እንዳልነካው።