ሩብ ክኒን

ቤታችን ከባሕሩ በታች ነው።
ከግድቡ ማዶ የሚዋኝ ዓሣ
ጣራችንን ቁልቁል ያያል።
ፍሪስላንድ እንዲህ ናት፤ ውኃ ከላይ፣ ሣር ከሥር።
እኔ የመሳቢያው ጣቢያ ዘበኛ ነኝ፣
መለኪያውን አይቼ ሲበዛ እከፍታለሁ፣
ሲያንስ እዘጋለሁ፤
አባቴም እኔም አርባ ዓመት ሙሉ
አንዲት ላም አላሰጠምንም።

የልጄን ደም ግን
በየት በኩል ልክፈተው?

ሲትሰ ስድስት ዓመቱ ነው።
ኩላሊቱ አንድ፣ እሱም ለጋሚ፤
ደሙ የሥሩን ግድግዳ ሲገፋ
የኅዳር ማዕበል ነው።

ክኒኑ የተሠራው ለትልቅ ሰው ነው፣
ለወፍራም፣ ላጫሽ፣ ለጡረተኛ፤
ለሲትሰ የሚሆን ታናሽ የለውም።
በቢላ ለአራት እከፍለዋለሁ፣
ሩቡን በሁለት ማንኪያ መሀል እፈጨዋለሁ፣
ማለዳ፣ የጎረቤት መብራት ሳይበራ፤
ብረት ከብረት ሲፋተግ፣ ጥርሴ አብሮ እየተንገራገጨ።

በእርጎ ሰጠሁት፤ እርጎን ጠላ።
በተፈጨ ፖም፤ ፖምን ጠላ።
በቸኮሌት ሸሸግኩት፤
ቸኮሌትም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠላቱ ሆነ።
ካንድ ልጅ አፍ ስንት ጣፋጭ ገደልኩ!

«ምን ምን ይላል?» ስለው
ሰኞ «የብስክሌት ቁልፍ የብስክሌት ቁልፍ»፤
ማክሰኞ «ባትሪ ባትሪ»፤
ረቡዕ «አያቴ የሞተች ለት ክፍሉ የሸተተውን»።
ሐሙስ ዝም አለ።
ዓርብ፣ «አባዬ፣ መጀመሪያ አንተ ቅመስ።»

ቀመስኩ።
እሬት አውቃለሁ የሚል ይምጣና ይንገረኝ!
ምላሴ ላይ ተቀመጠ፣ ሥር ሰደደ፣
እንደ ዛገ ሚስማር በጉሮሮዬ ወረደ፤
ዳቦ ብበላበት፣ ብጉመጠመጥ አልለቅ አለኝ፣
እስከ ቀትር ምራቄ ራሱ መረረኝ።
ፊቴን ግን አሳምሬ
«ይኸው፣ ምንም አይልም!» አልኩ።
ውሸቴን ቁልጭ ብሎ አየው፤
አይቶም አፉን ከፈተ።

ከዚያ ወዲህ ቁርሳችን እኩል ሆነ፤
ሩብ ለሱ፣ ሩብ ለኔ።
ኔይንከ አላወቀችም፤
ሚስት ሁሉን አታውቅም።

የሱ ግፊት ወረደ? ትንሽ።
የኔ ግን ወረደ።
በሦስተኛው ሳምንት ከጣቢያው የብረት መሰላል ላይ
ሰማዩ ዞሮ ከእግሬ ሥር ገባ፤
ዘጭ ብዬ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ፣
ዳክዬዎች እያዩኝ።
ኔይንከ ስትሰማ «ሞኝ!» አለች፣
ሳቀች፣ ወዲያው አለቀሰች፣
ማንኪያዎቹንም ከእጄ ነጠቀች።

በመጋቢት ግሮኒንገን ጠሩን።
ሁለት ብርጭቆ፣ ሁለት ዓይነት ዱቄት፤
የትኛው እንደሚሻል ልጆች ይፍረዱ ተባለ።
ወረቀቱ ላይ አምስት ክብ ፊቶች፣
ከሚስቀው እስከሚያነባው ተደርድረዋል፤
ልጁ የምላሱን ፍርድ
በእርሳስ ይከባል።

የመጀመሪያውን ጠጣ፤ አላየኝም።
ሁለተኛውን ጠጣ፤ አየኝ።
እርሳሱን ይዞ ቆየ፣ ቆየና
የሚስቀውን ፊት ከበበ፣
ለሁለቱም።
«ይጣፍጣል» አለ፣ ለነርሷ ሳይሆን ለኔ፤
ያችን ፊት አውቃታለሁ፣
ወጥ ቤታችን ውስጥ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

እርሳሱ ወደቀ።
ነርስ ቲያልዳ ልታነሳ ጎንበስ አለች፣
ከጠረጴዛው ሥርም ቆየች።
ጫማውን አውልቆ ነበር፤
አሥሩ ትንንሽ ጣቶች በቢጫው ካልሲ ውስጥ
እንደ ቀንድ አውጣ ተጠቅልለዋል።
ቀና አለች፤ ምንም አልተናገረች፣
እሱንም አላሳፈረች፣ እኔንም አላየች።
ከሚስቁት ፊቶች ጎን፣ ኅዳጉ ላይ፣
በደቃቅ ፊደል ጻፈች፦
«የእግር ጣቶች፦ ታጥፈዋል።»