ላደፈ ብርሌ

ለነቃ ብርሌ ተረት ተርተዋል፤
ስላደፈውስ ግን ማን ምን ብሎን ያውቃል?
የነቃው ደግ ነው፤ ይጣላል፣ ይረሳል፤
ያደፈው ነው ጭንቁ፣ መደርደሪያ ይዞ ዐይን ዐይኔን ያየኛል።

ከደብረ ብርሃን ስንመለስ በታኅሣሥ፣
ሆጤ ላይኛው በኩል ከሰፈር ስንደርስ፣
የጠጅ ቤቴ በር ባንድ ማጠፊያ ቆሟል፤
ጋኑ ተገልብጧል፣ ወንበሩ ተማግዷል።
ብርሌዎቹ ግን፣
ብርሌዎቹ ግን፣ ማን ምን እንዳላቸው፣
አርባ አንዱም በቦታው፣ ሰው እንደተዋቸው።

ያን ለት ማታ ነው፤ "ውጡ" ሲባል ሰው፣
ማን ጨልጦ ይሂድ? ሒሳቡን ማን ይክፈለው?
የጎደለው ጎድሎ፣ የሞላውም ሞልቶ፣
ሰው ብቻ ተነሣ፣ ጠጁን እዚያው ትቶ።

አርባ ቀን ደረቀ።
ከላይ ሻጋታ ነው፣
ከታች የጌሾ አተላ፣ እንደ ሙጫ ይዞት፣
መሃል ላይ ቀለበት፣
ቡናማ ቀለበት፣
እያንዳንዱ ጠጪ የተነሣበት።

ቀለበቱን አይቼ ባለቤቱን ለየሁ።
ይህ አንገቱ ድረስ፣ የሞገስ ጎሚስታው፣
ገና መቅመሱ ነው፣ ከንፈሩን ሲያስነካው።
ይህ ታች የወረደው የመምህር ጥላዬ፣
ሦስተኛው ነበረ፣ አራተኛውን ከልክዬ።
ይህ ደግሞ፣ ከሥሩ አንድ ጣት የቀረው፣
የሰዓት ሠሪው ነው፣ የጋሽ አበጋዝ ነው።
አንድ ጣት ማስተረፍ ልማዱ ነበረ፤
"ለነገ ነው" ይላል፣ ነገን እያከበረ።

እጅ አይገባበትም፣ ጣትም አይደርስበት።
አመድ ሞከርኩበት፣ ግራዋ ነሰነስኩበት፣
ሙቅ ውሃ ከሎሚ ሌሊቱን አሳደርኩበት።
ስንቅነሽ ከቦርከና ጠጠር ለቅማ መጣች፣
ምስር ምስር የሚያህል፤
"በይ ናጪው እትዬ" አለች።
ናጥኩ። ቅቤ እንደሚወጣው ናጥኩ። ትከሻዬ ዛለ።

ጎረቤቴ ዘምዘም ባጥር ብቅ ብላ፣
"እኔማ የብርዙን የማጥበው በዕንቁላል፤
ቅርፊቱን ደቁሰሽ ትንሽ ጨው ይገባል።
ጠጅሽ ሐራም ቢሆን፣ ብርሌው ምን በወጣው!"
ሳቀች፤ እፍኝ ቅርፊት በሻሿ ቋጥራ
አቀበለችኝ።

በሦስት ቀን አርባው ጠራ። ቀረኝ ባለ አንድ ጣቱ፤
ጠጠሩም ቅርፊቱም አልሠራም መድኃኒቱ።
ወይም እኔ ነኝ፣ ክንዴን ያሰነፍኩት።

ሞገስ በጥር መጣ፤ ጥላዬ በየካቲት፤
የአበጋዝን ደጅ ግን ሄጄ ብጠይቅበት፣
ሰኞ ገበያ ጥጉ ሳጥን የምታህል ሱቁ ተዘግታለች፤
እህቱ፣ "እኛም ወሬ እንጠብቃለን" አለች።

መሳቢያ ስበረብር ሰንሰለት አገኘሁ፣
እሱ የሰጠኝን፣ ረስቼው የቆየሁ።
የእጅ ሰዓት ማሰሪያ፣ የተበጣጠሰ።
"ጠጠር ይጭረዋል፣ ይሄ ግን ያባብላል፤
ብርሌ ሲያስቸግርሽ ክተቺው" ብሎኛል።
ሌላ ቀን ደግሞ፣ ሞቅ ሲለው፣
"ያልታጠበ ብርሌ የቆመ ሰዓት ነው።"

ሰንሰለቱን ሳልከት፣ ከነጠላዬ ጥለት
አንድ ቀይ ክር መዝዤ፣ ቀለበቱ ካለበት
በውጭ፣ ዙሪያውን አሰርኩት።
ሁለቴ ቋጠርኩት።

ከዚያ ናጥኩ።
ቀጭ ቀጭ አለ ብረቱ ከመስተዋት፣
እንደዚያች ሱቅ ግድግዳ፣ ሁሉም ሰዓት
የየራሱን ሰዓት እንደሚናገርባት።
ጦሳ ላይ ጉም ወረደ። መብራት የለም፤
ስንቅነሽ ሻማ ለኮሰች።
ውሃው ቢጫ ወጣ፤ ደገምኩት፣ ያው ቢጫ፤
ሦስተኛው ላይ ነጣ።

አሁን ከአርባው ጋራ ተደርድሮ አለ።
ትናንት አንድ እንግዳ፣ የኮምቦልቻ ሹፌር፣
ጣቱን ቀስሮ፣ "ቀይ ክሩ ምንድነው?" ቢለኝ፣
"መለኪያ ነው" አልኩት።
"የስንት ብር?" አለኝ።

በሌላ ብርሌ ቀዳሁለት።