ያረጀ ቁጥር

ግዲኒያ ወደብ ላይ፣ በጥር ውርጭ ሌሊት፣
ከባድ መኪኖች ቆመዋል በበሩ ፊት ለፊት።
ቦጉሚላ ጠየቀች፣ ጥያቄዋ አጭር፦
«የትኛው ኮንቴይነር ነው ዛሬ የሚሻገር?»
አርባ ደቂቃ ዝም።
አንዱ ሾፌር ጥሩንባ ነፋ፤ መልስ ግን የለም።

የዳታቤዙን ዕቅድ ገልጣ ብታየው፣
ሞኝ አልነበረም፤ ያመነው ቁጥር ነው ያሳተው።
መስከረም ላይ ሰንጠረዡ ሦስት መቶ ረድፍ ነበረ፤
ዛሬ አርባ ሚሊዮን ነው፤ ማን ነገረው? ማን ቆጠረ?
ጥቂት መስሎት ወጣ፣ በዚያ በአሮጌ ግምት፣
አንድ በአንድ ሊያንኳኳ፣ ከቤት ወደ ቤት።

ማሽን ሳትጨምር፣ ጥያቄውን ሳትነካ፣
«እንደገና ቁጠር» አለችው፤ ይህ ብቻ ነበር ለካ።
ከየክምሩ ጥቂት ጥቂት አንስቶ ቀመሰ፣
የትኛው ወደብ እንደበዛ፣ የትኛው እንዳነሰ፤
በአራት ሰከንድ መልሱ ደረሰ።

ሲነጋ ቤት ገብታ ለልጇ ለዚየሞቪት
የገዛችውን ቦት ጫማ አወጣች፤ ቁጥሩ ሠላሳ አራት።
ተረከዙ ውጭ ቀረ። የበሩ መቃን ላይ ያለው
የእርሳስ ምልክት አናቱን ሳይሆን ትከሻውን ነው የሚነካው።
«ከቆጠርሽኝ ቆየሽ» አላት፣ እየሳቀ።
እርሳስ ፍለጋ ሄደች፣ የወደቡ ብርድ ከጣቷ እንዳልለቀቀ።