እንግዴ ልጅ

በፍሬድሪክ ከተማ፣ ከሌሊቱ ስምንት፣
በነጭ ቱታ ታሽጌ፣ ደርቤ ጓንት በጓንት፣
ከረጢት እጠብቃለሁ።

ሁለት ሺህ ሊትር ያዘለ፣ ስስ የፕላስቲክ ከርስ፣
ከጎኑ ቱቦ እንደ እትብት፣ አየር የሚያቀብል ቀስ በቀስ፣
ከሥሩ መቅዘፊያ፣ እንዳይዘቅጥ፣ እንዳይረጋ፣
ሲያማስል፣ ሲያማስል ሌሊቱ የሚነጋ።

ድሮ ብረት ነበረ። ጋን የሚያህል፣ ከጋንም የሚልቅ፣
ክላይድ የሚወለውለው፣ ፊት እስኪያሳይ እንደ ሐይቅ።
በሶዳ ይታጠባል፣ በአሲድ ይታጠባል፣ በእንፋሎት ይቀቀላል፤
ሥራው አንድ እጅ ቢሆን፣ እጥበቱ ሦስት እጅ ያህላል።
ከዚያ ከረጢቱ መጣ፣ በጨረር የጸዳ፣ በካርቶን የታጠፈ፤
ቀዶ መዘርጋት ብቻ! ያ ሁሉ እንፋሎት አረፈ።
«ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ» አልኩት ለክላይድ ተርጉሜ፤
አልሳቀም። ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፣ እኔ እዚያው ቆሜ።
ብረቱን ከካሮል ወንዝ ማዶ ቢራ ጠማቂ ገዛው፣ በክሬን ጭኖ ወሰደ፤
ጋን ወደ ጠላው ተመለሰ፤ ክላይድም ወደ ቤቱ ሄደ።
ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ይጠጣል አሉ፣
ዓይኑን ከጋኑ ሳይነቅል።

ከረጢቱ ውስጥ ያለው ነፍስ ነው፤ ዘሩ ከአይጥ ወገን፤
ሃምስተር ይሏታል፣ ጉንጫም፣ ስልቻ ያላት በሁለት ወገን።
እሷ ሞታለች፤ ከሞተች የሰው ዕድሜ ሊሆን፤
ሴሏ ግን መርዶውን አልሰማ፤ ይኸው አንዱ ሁለት ሲሆን፣
ሁለቱ አራት፣ ስኳር እየላሰ፣ እየተነፈሰ፣
ለማያውቀው ሰው ጉልበት መድኃኒት እየለገሰ።

ራማቱ ናት ያየችው፣ በዘጠነኛው ሌሊት፤
ከማቀፊያው ሥር ጠብታ፣ የአተር ክክ ታህል፣ ጥቂት።
«የማቀዝቀዣው ላብ ይሆናል» አልኩ።
«ላብ ቢጫ ነው ወይ?» አለች፣ በጉልበቷ ተደፍታ።
ዝም አልን። መቅዘፊያው ብቻ ዙሩን አልገታ።

በማይክሮስኮፕ ብናይ፣ ከክቡ ሴል መሃል፣
ጭራሮ መሳይ ባክቴሪያ ገብቶ ይጨፍራል።
አለቃችን ብራንት በስልክ፣ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ፣
«ድፉት» አለ። አንድ ቃል። ትንሽ ቆይቶ፣ ድምፁ ለስልሶ፣
«ጥፋተኛ የለም» አለ። እኔ ግን ጣቴን አየሁ።
ስፌቱን የዳሰስኩት እኔ፤
ካርቶኑን በምላጭ የከፈትኩት እኔ።

ክሎሪን ገባበት። ሁለት ሺህ ሊትር፣ ዘጠኝ ሌሊት ሙሉ፣
ስንት ጉልበት ይጠብቀው ነበር፣ በቦዩ ወረደ ቁልቁሉ።
ባዶው ከረጢት ተጨማደደ፤ ጠቅልለን ከቢጫው በርሜል ጣልነው።
«አንዴ ተጠቅመው ይጣሉ» ይላል ካርቶኑ፤
ካርቶኑ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው።

አክስቴ አዋላጅ ነበረች፤
«እንግዴ ልጅ ዝም ብሎ አይቀበርም፤ ይገለበጣል፣ ይታያል፤
ውስጥ የቀረ ቁራጭ ካለ፣ እናቲቱን ይገድላል» ትል ነበር።
መለስኩት ከበርሜሉ። ወለል ላይ ዘረጋሁት።
ራማቱ ባትሪ አበራች፤ ጣት በጣት፣ ስፌት በስፌት፣
ከአንገቱ እስከ እምብርቱ ፈለግን፣ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት።

ቀዳዳዋ አልተገኘችም።

ቅጹ ላይ «ምክንያት» የሚል ሣጥን አለ፤ «አልታወቀም» ብዬ ጻፍኩ።
በአንድ መስመር ሰረዝኩት፣ ቀን ጽፌ ፈረምኩ፤
«የእኔ እጅ ሊሆን ይችላል» ብዬ ጨመርኩ።
ብራንት አንብቦ ምንም አላለም።

ማክሰኞ ሌላ ካርቶን መጣ። ምላጩን ተውኩት፤
ማሸጊያውን ቀስ ብዬ በጣቴ ላጥኩት።
ስስ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል፤ የማዶ ሰው ይታያል።
በአውራ ጣቴ ስፌቱን ተከተልኩ፣ ተከተልኩ፣
ራማቱ ሰዓት አልቆጠረችብኝም።

ሞላነው። ከማቀፊያው ሥር ነጭ ወረቀት አነጠፍኩ፣
ጠብታ ቢመጣ ቶሎ እንዲታይ።
መመሪያው ላይ የለም።
ዛሬ ሦስተኛው ሌሊት ነው፤
ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ እስካሁን ደረቅ ነው።